የወሽመጡ ሰሚ የሐጂ ከራር ዓወደላ ዕረፍትና በእጃችን የቀረው ቃላቸው

ከመርሳ ኡም ሹራ የጀልባ ባለቤቶችና የዓሣ ነጋዴዎች ማኅበር
ለአባላት፣ ለወደብ ሠራተኞችና ለወሽመጡ ነዋሪዎች በሙሉ

ሰኞ፣ ሻዕባን 9። የጠዋት ቆጠራ፦ ወደ ባሕር የወጣ ጀልባ የለም። ለሽያጭ የቀረበ ዓሣ የለም። ለዓሣው ማቆያ ትናንት የመጣው በረዶ አልተነካም። የባሕር ሙሽራ አልታየችም። ነጩ በርሜል በቦታው የለም።

የማኅበራችን ማስታወቂያ ሁሉ በጠዋት ቆጠራ ይጀምራል፤ ይህም ከዚያ ወግ አይወጣም። የባሕር ሙሽሮቹን፣ የወሽመጡን የባሕር ሣር የሚግጡትን እነዚያን ትልልቅ እንስሳት፣ ቁጥር በየጠዋቱ ከወሽመጡ ይዘውልን ይመጡ የነበሩት ሐጂ ከራር ነበሩ። የዛሬውን የጻፍነው እኛው፣ ዳር ላይ ቆመን አይተን ነው። እርሳቸው ከዳር ሆኖ የተቆጠረ ቁጥር አይቀበሉም ነበር።

የመርሳ ኡም ሹራ ወሽመጥ ሰሚና ጠባቂ ሐጂ ከራር ዓወደላ ትናንት እሑድ ጎህ ሲቀድ፣ በወሽመጡ ውስጥ በቀዛፊ ጀልባቸው ላይ ሳሉ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ማኅበራችን በደረሰው ሞት እጅግ አዝኗል። ሥርዓተ ቀብራቸው በዚያው ዕለት ወደ አመሻሹ፣ ከዓስር ሰላት በኋላ ተፈጽሟል። የሐዘን ድንኳኑ እስከ ሦስተኛው ቀን፣ እስከ ነገ ማክሰኞ ድረስ ይቆያል።

ስለ አሟሟታቸው የሚወራው ብዙ ስለሆነ የምናውቀውን ብቻ እንገልጻለን። ጀልባቸው ከኋላ ተመትታ ለሁለት ተከፍላ ተገኝታለች። የመታቻት በባትሪ የምትሄደው የሆቴሉ የእንግዳ ጀልባ ናት፤ ፀሐይ ሳትወጣ የባሕር ሙሽራ ሊያሳይ እንግዶች ይዞ የገባው ነጂ ይህንን ራሱ አልሸሸገም። ሐጂን ከሩቅ እንዳያቸው፣ አንገታቸውን ደፍተው ስለነበር እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሎት እንደነበር፣ ቀርቦ ሲጮህም ጊዜው እንዳለፈ ለፖሊስ ተናግሯል። ጉዳዩ በምርመራ ላይ ነው፤ ማኅበራችን አይፈርድም። ነገር ግን የወሽመጡ ሰው ሁሉ ያንን አንገት መድፋት ያውቀዋል። ሐጂ አልተኙም ነበር። የመቅዘፊያቸውን እጀታ ከመንጋጋቸው ሥር አድርገው ባሕሩን እያዳመጡ ነበር። ከኋላ የመጣባቸውን አልሰሙም፤ የሚሰማ ነገር አልነበረውምና።

ሐጂ ከራር ለወሽመጡ የሠሩትን እንደሚከተለው እናስታውሳለን።

በጎርፉ ዓመት። በዚያ ዓመት አንዲት የባሕር ሙሽራ ጀርባዋን የሞተር ስለት በሦስት ቦታ ቆራርጧት፣ ግልገሏ ከጎኗ እየዋኘ፣ ማዕበል ሣሩ ላይ ጣላት። የባሕር ሙሽራ ሣር እየጋጠች፣ ልጇን እያጠባች የምትኖር፣ ለማንም ክፉ የማታስብ ፍጥረት ናት። ሐጂ ሥጋዋን ለሚሹት አልሰጡም፤ ቀበሯት። ከዚያም በዐርቡ ስግደት ማግሥት ዱላቸውን በወሽመጡ አፍ ተክለው፣ ከዚያ ወዲህ ሞተር የሚባል እንዳይገባ በአባቶቻችን ወግ ቃል አሰሩ። ይህ ቃል ለማንም ሰው የተሰጠ አይደለም፤ ለወሽመጡ የተሰጠ ነው። በዱላው ቦታ ቆይቶ ነጭ የተቀባ በርሜል በመልሕቅ ታሰረ። ከበርሜሉ ወዲያ በሞተር፣ ከበርሜሉ ወዲህ በክንድ ሆነ።

አባላት ያኔ በደስታ አልተቀበሉትም። ዛሬም ከመካከላችን ያለው ሲርሐን፣ ቀልድ የማይጎድለው ሲርሐን፣ በዚያው ስብሰባ ላይ እንዲህ ብሎ ነበር፦ «ሐጂ፣ እኔ ዓሣ ነው የማጠምደው ወይስ እስር ቤት ነው የገባሁት? ወገቤን ማን ሊከፍለኝ ነው?»

ሐጂም፦ «ወገብህ ናፍጣ አይጠጣም የኔ ልጅ። ሻይ ከሰጠኸው ይበቃዋል።»

ማኅበራችን የነጋዴ ማኅበር ነው፤ ናፍጣ ሸጦ የሚያገኘውን አንደብቅም። በዚያ ዓመት ከጥቅማችን ጎደለ። በሦስተኛው ዓመት ግን ከወሽመጡ ውጪ የሚጣሉት መረቦች ከዚያ በፊት ያልያዙትን መያዝ ጀመሩ። ትንንሹ ዓሣ የሚያድገው የባሕር ሙሽራ በምትግጠው ሣር ውስጥ ነው፤ ሣሩ ሲያርፍ እኛም አተረፍን። ከዚያ ወዲህ በርሜሉን የሚያማ አባል አልተገኘም። ሲርሐን ራሱ በየዓመቱ ቀለሙን የሚቀባ ሆነ።

የመቅዘፊያው ወግ። የትኛው ጀልባ በርሜሉን ማለፍ ይችላል፣ የትኛው አይችልም የሚል ክርክር በተነሳ ቁጥር የሚዳኙት ሐጂ ነበሩ። መቅዘፊያውን ውኃ ውስጥ ይነክራሉ፣ እጀታውን ከመንጋጋቸው ሥር ያደርጋሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። በእንጨቱ ተጉዞ አጥንታቸው ውስጥ የገባ ጀልባ አያልፍም። ያልገባ ያልፋል። ዳኝነቱ ይግባኝ አልነበረውም፤ ፍርዳቸው ስህተት ሆኖ የተገኘበትን ቀንም አናውቅም ነበር፣ እስከ አምና ድረስ።

ሆቴሉ መሠረት በጣለበት ዓመት። በወሽመጡ ደቡብ ዳርቻ ሆቴሉ ሲሠራ፣ የመርከብ ማቆሚያው ምሰሶዎች በማሽን መዶሻ ይመቱ ነበር። ወሩ የሙሽሮቹ የመውለጃ ወር ነበር። ሐጂ መቅዘፊያቸውን ተሸክመው ወደ ሥራ ኃላፊው ወደ ኢንጂነር ታሚር ሄዱ። ኢንጂነሩ የካይሮ ሰው ናቸው፤ ትዕግሥትም ትሕትናም አላቸው። ሐጂ ጀልባ ላይ አስቀምጠው እጀታውን ከመንጋጋቸው ሥር አደረጉላቸው። ኢንጂነሩ ወዲያው ወደ ኋላ ሸሹ።

«ጥርሴ ውስጥ ገባ እኮ!» አሉ።

«አንተ መቅዘፊያውን ትተኸው ተነሳህ» አሏቸው ሐጂ። «እነሱ ጆሯቸውን ይዘው የት ይነሱ?»

መዶሻው እስከ መውለጃው ወራት ፍጻሜ ቆመ። ይህ የኢንጂነር ታሚር ውለታ መሆኑን ማኅበራችን ያኔም ዛሬም ይመሰክራል። የወሽመጡን ሕግ ጠንቅቀው ያወቁትም በዚያ ቀን ነው፤ ሕጉ ጆሮ ላይ እንደቆመ ተረዱ።

አምና። ሆቴሉ እንግዶቹን ወደ ሣሩ የሚያደርስ በባትሪ የሚሄድ ጀልባ አስመጣ። ኢንጂነር ታሚር በማኅበሩ ፊት ቀርበው ያሉት ይህ ነው፦ «ሕጉ የእናንተ ነው። በሞተር አትግቡ ያላችሁት ስለ ጩኸቱ ነው። እንግዲህ ያለ ጩኸት መጣሁ። ሐጂ ይስሙና ይፍረዱ።»

ሐጂ ሰሙ። ረጅም ጊዜ ሰሙ። ጀልባዋ በርሜሉን አልፋ ገባች፣ ዞረች፣ ወጣች። ሐጂ መቅዘፊያውን አውጥተው «ምንም የለም» አሉ። በሦስት ምስክር ፊትም፣ ድምፅ የሌለው ጀልባ እንዲገባ ቃል ሰጡ። ምስክሮቹ የመስጊዱ ኢማም፣ የማኅበራችን ሊቀ መንበርና ሲርሐን ነበሩ። በቃል አሰጣጡ ወግ መሠረት ሆቴሉ ስጦታ አቀረበ፦ ለሐጂ ጀልባ የሚሆን አዲስ የባትሪ ሞተር፣ በሳጥን እንደታሸገ። ሐጂ ወጉን ለማክበር ተቀበሉ። «የእኔ ጀልባ ክንድ አላት» ብለው ግን ሳጥኑን ሳይከፍቱ መጋዘናቸው አስቀመጡት። እኛም አጨበጨብን። ሆቴሉ የዓሣችን ትልቁ ገዢ ነው፤ በዚያ ቀን ሁሉም ወገን ተጠቃሚ መሰለን።

በዚህ ብርድ ወራት። ከሆቴሉ በዚህ በኩል ጀርባዋ የተተለተለ የባሕር ሙሽራ ሞታ ተገኘች። ማንም የሰማ አልነበረም። ከሳምንታት በኋላ ሌላ ተገኘች፤ እርጉዝ ነበረች። ሐጂ የጠዋት ቁጥራቸውን ይዘው መምጣታቸውን አላቆሙም፤ ቁጥሩ ግን በየሳምንቱ ይቀንስ ነበር። የሚነግሩን ሲያንስ ድምፃቸውም አነሰ።

ባለፈው ሐሙስ። ሐጂ ወደ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት መጡ። አልተቀመጡም። የተናገሩት በቦታው በነበርን ሁሉ ጆሮ ውስጥ አለ፦

«ጥፋቱ የሆቴሉ ሰዎች ብቻ አይደለም። ከበርሜሉ ወዲህ ዝምታ ደህና ነው ብዬ ሙሽሮቹን ሃያ ዓመት ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ሞተር ሲሰሙ ይጠልቁ ነበር። አሁን የሚሰሙት የለም፤ አይጠልቁም። ሣራቸውን እየጋጡ ይቆረጣሉ። እኔ ያልሰማሁትን እነሱም አይሰሙትም። ይሄን ማሰብ ነበረብኝ። ቃሌን አነሳለሁ።»

በወጋችን በምስክር ፊት የተሰጠ ቃል የሚነሳው በእነዚያው ምስክሮች ፊት ነው። ሲርሐን ግን ግመሎቹን ሊሸጥ ሸላቲን ገበያ ሄዶ ነበር። በስልክ ይነገረው ያለ ሰው ነበር፤ ሽማግሌዎች አልተቀበሉትም፤ ሐጂም ራሳቸው አልተቀበሉትም። «ቃል ዓይን ለዓይን ነው» አሉ። እንጠብቅ ተባለ። ሲርሐን ቅዳሜ ማታ ተመለሰ። ስብሰባው እሑድ ከቀትር ሰላት በኋላ ተቀጠረ። ሐጂ እሑድ ጎህ ሲቀድ ወደ ወሽመጡ ወጡ።

ሲርሐን በቀብሩ ላይ «ግመሎቹን በነፃ ሰጥቼ በመጣሁ ኖሮ» ሲል ተሰምቷል። ማኅበራችን በሲርሐን ላይ የሚለው የለም። መጠበቁን የወሰንነው ሁላችን ነን።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው የሐዘን ብቻ ሳይሆን የሥራ ጉዳይ ስለሆነ አባላት በጥሞና እንዲያነቡት እንጠይቃለን።

ትናንት ማታ ኢንጂነር ታሚር ከሆቴሉ ሰዎች ጋር ወደ ድንኳኑ መጥተዋል። በግና ስኳር አምጥተዋል፤ በአግባቡ አልቅሰዋል። ከተቀመጡ በኋላ እንዲህ አሉ፦ «ሐጂ ቃል የሰጡን ሰው ነበሩ። የሟች ቃል ደግሞ እናንተ ዘንድ አይሻርም። እኛም እስከ መጨረሻው እናከብረዋለን። ስድስት አዳዲስ ጀልባዎች በመንገድ ላይ ናቸው፤ በሐጂ ስም እንሰይማቸዋለን።»

ሲርሐን ነው የመለሰው። «ወይ ጉድ! በሕይወት ሳሉ አንድ ነበሩ፣ ሲሞቱ ስድስት ሆኑላችሁ!»

«ሲርሐን፣ እዚህ ሐዘን ቤት ነን» አሉ ኢንጂነሩ። «ደግሞ አንተም ነጋዴ ነህ። ነጋዴ ገዢውን አያስቀይምም።»

«እውነት ነው ኢንጂነር። ባሕሩን ግን አልሸጥም። እሱን ዛሬ ከሸጥኩልህ ነገ ምን ልሸጥልህ?»

በዚህ ጊዜ ከሴቶቹ ወገን፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ የሐጂ ብቸኛ ልጅ ሰትና ተናገረች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ከአባቴ የሚጠይቀው ያለው ሰው ነገ ሳይሆን ከነገ ወዲያ፣ በሦስተኛው ቀን ይምጣ። ዛሬ እንግዳ ነህ ወንድሜ። ሻይህን ጠጣ።»

ኢንጂነር ታሚር ሻዩን ጠጥተው ሄዱ።

ሁሉም እንደሚያውቀው በሦስተኛው ቀን፣ ድንኳኑ ከመነሳቱ በፊት፣ ወራሽ ቆሞ «ከሟች የሚጠይቀው ያለው ይናገር» ይላል። ያበደረ ይናገራል፤ ወራሽ ይመልሳል ወይም ይቅር ይባላል። ሰትና ዛሬ ማለዳ ከፈጅር ሰላት በኋላ ወደ ማኅበሩ መጥታ አንድ ጥያቄ ጠየቀች፦ ቃል ዕዳ ነው ወይ? ከሆነስ ወራሽ ሊመልሰው ይችላል ወይ?

ኢማሙና ሽማግሌዎች ተጠይቀዋል። መልሱ እንዲህ ነው። ለሰው የተሰጠ ቃል ዕዳ ነው። የሟች ቃል አይሻርም የሚባለው እውነት ነው፤ ግን መሻርና መመለስ አንድ አይደሉም። ወራሽ ከቃሉ ጋር የተቀበለውን ስጦታ ሳይጎድል፣ በእነዚያው ምስክሮች ፊት፣ ለሰጪው እጅ ካስረከበ ቃሉ ተመልሷል። ሦስቱም ምስክሮች በሕይወት አሉ፤ ዛሬ ሦስቱም እዚህ ናቸው፤ ከነገ ድንኳን በፊት ከወሽመጡ የሚርቅ የለም። በርሜሉን ያሰረው የመጀመሪያው ቃል ግን ለሰው የተሰጠ ስላልሆነ የሚመልሰውም፣ የሚጠይቀውም የለም። እንደታሰረ ይኖራል።

ስለዚህ ጥያቄው ሳጥኑ ተከፍቷል ወይስ አልተከፈተም የሚለው ሆነ። የማኅበሩ ሰዎች ከሰትና ጋር ወደ መጋዘኑ ሄደው አይተዋል። ማሸጊያው አልተነካም። ሳጥኑ ላይ ዶሮዎች ሲያድሩበት ከርመዋል።

ሲርሐን ዞሮ ዞሮ አየውና፦ «ሰትናዬ፣ ኩሱን ጠርገን ነው የምንመልሰው ወይስ ከነኩሱ?»

«ሳይጎድል ነው የተባለው» አለች። «ከነኩሱ።»

ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቅነው ያኔ ነው። እርሷም ሳቀች፤ ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ማኅበራችን የዚህን ውሳኔ ዋጋ መዝኗል። ቃሉ ከተመለሰ ሆቴሉ ዓሣችንን መግዛት ሊያቆም ይችላል፤ ያ ከሆነ በበረዶ ጭነን ሩቅ ገበያ መውሰድ ይኖርብናል። ካልተመለሰ ስድስት ጀልባ ይገባል። ያኔ መጀመሪያ ሙሽሮቹ፣ ቀጥሎ ሣሩ፣ ቀጥሎ ትንሹ ዓሣ ያልቃል፤ ከዚያ ለሆቴሉም ለሩቅ ገበያም የምንሸጠው አይኖርም። ሁለቱን ያነጻጸረ ነጋዴ ብዙ አያስብም። ማኅበሩ ሰትናን ይደግፋል፤ ነገ በድንኳኑ ከጎኗ ይቆማል።

ከዚህ በላይ የምናረጋግጠው የለም። ቃሉ ሲመለስ በወሽመጡ ውስጥ የሚጠበቁ ሙሽሮች ይኑሩ አይኑሩ አናውቅም። ከዐርብ ወዲህ አንዲትም አልታየችም። ትናንት ሌሊት ደግሞ የነጩ በርሜል ገመድ ተቆርጧል፤ ያልተፈታ፣ በአንድ ምት የተቆረጠ ገመድ ነው። ማን እንደቆረጠው አናውቅም፤ የሰማም የለም። ባለፉት ሃያ ዓመታት የወሽመጡ አፍ ባዶ ሆኖ ያደረበት ሌሊት ይህ የመጀመሪያው ነው። ዛሬ ጠዋት ከዳር ሆነን ስናይ የሆቴሉ ጀልባ በርሜሉ በነበረበት ቦታ አልፋ ወደ ሣሩ ስትገባ ታይታለች። ውኃው እንደ መስተዋት ነበር፤ ከኋላዋ ትንሽ ተሰነጠቀና መልሶ ገጠመ። ምንም አልተሰማም።

አባላት እስከ ነገ ቀትር ድረስ ወደ ወሽመጡ እንዳይገቡ፣ ከሆቴሉ ነጂዎች ጋርም እንዳይጋጩ ማኅበሩ አጥብቆ ያሳስባል። ነጂዎቹ የእኛው ልጆች ናቸው። ትናንት ሐጂን የመታው ነጂ እናት በሐዘን ድንኳኑ ውስጥ ከሰትና አጠገብ ተቀምጣ ታለቅሳለች፤ ማንም እንዳይናገራት።

ለሰትናና ለመላው የዓወደላ ቤተሰብ፦ አባታችሁ የወሽመጡን ድምፅ ለእኛ የሚሰሙልን ሰው ነበሩ፤ አላህ ማረፊያቸውን ያስፋው፣ እናንተንም ያበርታ። አብረዋቸው ለቀዘፉ፣ በበርሜሉ ዳር ሞተራቸውን አጥፍተው «ሰላም ሐጂ» ብለው ላለፉ ሁሉ፦ የጠፋው የእናንተም ነው። መቅዘፊያቸው ሳይሰበር ተገኝቷል፤ በልጃቸው እጅ ነው። ማን ከመንጋጋው ሥር እንደሚያደርገው ገና አልተነገረም። የሚሰማው ምን እንደሚሆንም።

ነገ ማክሰኞ፦ ሳጥኑን ከሐጂ መጋዘን አውጥቶ በሲርሐን መኪና ከቀትር ሰላት በፊት ድንኳኑ ማድረስ፤ ከባድ ስለሆነ ሦስት ሰው ያስፈልጋል። ዶሮዎቹን ቀድሞ ማውረድ። አዲስ በርሜል ነጭ ቀለም መቀባት፤ በገመድ ፈንታ ሰንሰለት፣ መልሕቁም ከቀድሞው የከበደ ይሁን።